ግዝት የተጣለበት ግድብ

ሰይድ የደወለልኝ ፍልሰታ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በምሠራበት የልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ነበር። ሙቀቱ አናት ይበሳል፤ እህል አልቀመስኩም። ቁጥሩን ስለማላውቀው ላላነሣው አስቤ ነበር።

«ያምሮት ነሽ? ሰይድ ነኝ፤ የወረታው።»

ሰይድ ወረታ ገበያ መግቢያ ላይ መጋዘን ያለው የሩዝ ነጋዴ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ ምርቱን ለሌላ ሰው ሸጦ አያውቅም። አባቴ ሲሞትም አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ከተሸከሙት አንዱ ሰይድ ነው። በእኛ በኩል ስልክ ከተዘጋ ወራት ስላለፉ ድምፁን ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«ከየት ነው? ስልክ ተከፈተ እንዴ?»

«ምን ይከፈታል! ጭነት ይዠ አዲስ አበባ መጥቸ ነው። ስሚኝማ፣ እንዳትደነግጭ።»

እንዳትደነግጭ የሚባል ቃል ሰውን ከማስደንገጥ በቀር ምን ሥራ እንዳለው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

«እናትሽ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። ወጌሻ አይቷቸው ነበር፤ አልያዘላቸውም። ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ቢባሉ እንቢ አሉ። ወንድምሽም ለመነ፣ እኔም ለመንኩ። ርብ ደግሞ ዘንድሮ አሞላሉ አያምርም።»

«ምን ትላለች?»

«"ያምሮት መጥታ እጄን ይዛ ካላወጣችኝ ከዚህ ቤት አልወጣም" ነው የሚሉት። አንች ታውቂያቸዋለሽ።»

አውቃታለሁ። ማሽኑን አጠፋሁና አሠሪዬን ላስፈቅድ ሄድኩ።

ከመቀጠሌ በፊት ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ፤ ይህን ካላወቃችሁ የሆነው ነገር ክብደቱ አይታያችሁም። ጠንቃቃ ሴት ነበርኩ። የተከለከለን ነገር በእጄ ቀርቶ በዓይኔ አልነካም። ካህን አንድ ነገር ከተናገሩ ለእኔ አበቃ። ልጅ ሳለሁ በጾም ሰዓት ዝንብ አፌ ገብታ ብውጣት፣ ጾሜን ፈታሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ያለቀስኩ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ከተማ ስኖር ያቆመኝም ይኸው ጥንቃቄዬ ነው ብዬ አምን ነበር። ለዚሁ ጥንቃቄ ስል የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ። የቦታውን ግን አልለወጥኩም።

ከሰይድ ጋር አዲስ አበባ ተገናኝተን በአይሱዙው ተጓዝን። ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብን። መንገዱ አንድ ቦታ ሲከፈት ሌላ ቦታ ይዘጋል። ወርደን እንፈተሻለን፤ ተመልሰን እንወጣለን። ሐሙሲት ላይ ብቻ «ወደፊት የለም» ተብለን በዝናብ አምስት ሰዓት ቆምን። ሰይድ ዳቦውን ቆርሶ ሊያካፍለኝ ሞከረ።

«ገና ሰዓቱ አልደረሰም» አልኩት።

«ወላሂ፣ የኔ ረመዳን ሠላሳ ቀን ነው፤ አንች ዓመቱን ሙሉ ትጾሚያለሽ። መቼ ነው የምትበይው?»

«ስሞት።»

«እሱንም ዓርብ ቀን እንዳያደርገው ነው!»

ሳቅን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አልሳቅንም።

ስለ ግዝቱ የነገረኝ እዚያው ቆመን ሳለ ነው። ሰፈራችን በርብ ወንዝ ዳር፣ ወደ ጣና የሚወርደው ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ወንዙን ከእኛ የሚለየው ሰው የሚያህል የአፈር ግድብ ነው። ልጅ ሳለሁ ሜዳው የወል ግጦሽ ነበር፤ ክረምት ውሀ ይተኛበታል፣ በጋ ከብት ይሰማራበታል። በኋላ ሩዝ መጣ። ግጦሹ ተከፋፈለ፤ መሬት ያልነበረው ወጣት መሬት አገኘ፤ ሣር ቤቱ ቆርቆሮ ለበሰ። ግድቡንም በየበጋው ማሽን እየመጣ ያድሰው ነበር። ቆፍሮት የተገኘ ሰው ቀበሌ ቀርቦ ይቀጣል።

ከዚያ ይህ አሁን ያለንበት ጊዜ መጣ። ማሽኑ ቀረ። ሊቀመንበሩ ከተማ ገባ፤ የቀበሌው በር ተቆለፈ። ማን እንደሚያዝ የሚያውቅ ጠፋ። በጋ ላይ ሽንኩርት የሚተክሉ ወጣቶች የፓምፕ ቱቦ ለማሳለፍ ግድቡን ይቦረቡሩት ጀመር። ቢከሰሱ ለማን? ታላቅ ወንድሜ ሞላ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበና «የመንግሥት ሕግ ከራቀን የእግዚአብሔር ሕግ አልራቀንም» ብሎ ወደ ቄስ ይትባረክ ይዟቸው ሄደ። ቄስ ይትባረክ መስቀላቸውን ይዘው ግድቡ ላይ ቆሙ። «ይህን ግድብ በዶማ፣ በአካፋ፣ በመቆፈሪያ የቆረጠ፣ ሲቆረጥም አይቶ የደበቀ፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን» አሉ። ሕዝቡም አሜን አለ።

«ከዚያ ወዲያ አንድ አካፋ አፈር አልጎደለም» አለኝ ሰይድ። «ከፖሊስ ይበልጣል።»

እኔም በልቤ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ እንኳ።

ወረታ በደረስን ማታ ቄስ ይትባረክን አገኘኋቸው። ዓይናቸውን ታመው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብዬ መስቀል ተሳለምኩ።

«ማን ናት?»

«ያምሮት ነኝ አባ፤ የዘውድቱ ልጅ።»

«የድሬዳዋዋ! እግዚአብሔር በሰላም አገባሽ። እናትሽን አውጫት ልጄ። ለሰፈሩ ግን አትስጊ፤ ግድቡን ግዝቱ ይጠብቀዋል።»

«አሜን አባ» ብዬ ወጣሁ። ያን በር አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። አንዲት ቃል ብጠይቅ ኖሮ! ምን ብዬ ግን እጠይቃለሁ? የሚመጣውን ማን አውቆ?

በማግስቱ ማለዳ ሰይድ መኪናውን መንገዱ እስከሚያልቅበት ነዳው፤ ከዚያ ሁለታችንም በግድቡ ጀርባ ላይ በእግራችን ተጓዝን። ዝናቡ አባርቶ ነበር። በግራችን ርብ ደፍርሶ ይጋልባል፤ በቀኛችን ሩዙ አረንጓዴ ምንጣፍ ሆኖ ተኝቷል። እናቴ መደብ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። አጠገቧ የወንድሜ ልጅ ስንዱ ነበረች፤ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ፣ ወንድ ልጅ ታቅፋ።

«መጣሽ?» አለች እናቴ። «ከሳሽ። ድሬዳዋ እህል የለም?»

«ጾም ነው እማ።»

«ጾምስ እኔም ጾሜአለሁ። በይ፣ እጄን ያዥኝ።»

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሞላና ሰይድ ከጎረቤቶች ጋር ሆነው ቃሬዛ ያስሩ ጀመር። ገመዱ ሳይጠብቅ ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። ግድቡ የተሰበረው ከእኛ ሰፈር አልነበረም፤ ከላይ፣ የእኛ ግዝት ከማይደርስበት ቦታ ነው። ውሀው ከፊታችን ሳይሆን ከኋላችን መጣ። ሩዙ ተራ በተራ ጎንበስ ሲል አየሁና ነፋስ መሰለኝ። ከዚያ ደጁ ላይ ደረሰ።

እናቴንና ስንዱን ጣሪያው ሥር ወዳለው የእንጨት ቆጥ አወጣናቸው። ሰው ሁሉ ወደ ግድቡ ሮጠ፤ ከግድቡ በቀር ደረቅ ቦታ አልነበረም። ሰፈሩ ያለው አንድ የደንገል ታንኳ ብቻ ነው። ሞላ እየቀዘፈ መጣ። ስንዱ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«አንች ይዘሽው ቅደሚ እታለም። እኔ ከአያቴ ጋር በሁለተኛው እመጣለሁ።»

ሁለተኛ አልነበረም። ሞላ እኔንና ሕፃኑን ግድቡ ላይ አውርዶ ሲመለስ ጎርፉ ታንኳውን አንሥቶ የእሾህ አጥር ላይ ጣለው፤ ለሁለት ተገነጠለ። ሞላ እየዋኘ ወጣ። ትንሿ ጣት የሌለችው ቀኝ እግሩ ትደማለች፤ ጣቲቱን ልጅ ሳለን በሬ ረግጦ ነው የወሰዳት። ግድቡ ላይ ተቀመጠና ቤቱን ያይ ጀመር።

ከግድቡ እስከ እናቴ ቤት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መሐሉ እስከ ደረት የሚደርስ፣ አጥርና ግንድ እያንከባለለ የሚሄድ ውሀ። ዳሌዋ የተሰበረ ሴት በዚያ ውስጥ አትሻገርም። ቤቱ ደግሞ ጭቃ ነው። የጭቃ ቤት ውሀ ከጠጣ ስንት ሰዓት እንደሚቆም እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቀትር ላይ የኋላው ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ እንጨቱ ታየ። ሕፃኑ ጡት ፍለጋ ጣቴን ይጠባ ነበር።

አሁን ይህን አስተውሉልኝ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ስላባራ በግድቡ ማዶ ያለው ወንዝ ጎድሏል። የእኛ በኩል ውሀ ግን አልጎደለም፤ የሚወጣበት የለውም። ወንዙን እንዲከለክልልን የሠራነው ግድብ አሁን ጎርፉን በእኛ ላይ ይዞ ቆመ። ገበቴ ውስጥ ነበርን። ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ዋርካው አጠገብ፣ ግድቡ ቢቆረጥ ውሀው ወደ ወንዙ ይፈሳል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያየዋል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ በምሥራቅ፣ ርብ በሚመነጭበት በኩል፣ የጉና ተራራ በደመና ጠቁሯል። ጉና ከጠቆረ ርብ ሳይመሽ ተመልሶ ይሞላል።

ሰላሳ የምንሆን ሰዎች ዋርካው ሥር ቆምን። ሦስት ዶማ መሬት ላይ ተጋድሟል። ማንም አልነካውም።

«ያሰረው ይፍታው» አለ ሞላ። «ወረታ ሰው ይላክ።»

«ወረታ ደርሶ እስኪመለስ ሊመሽ ነው» አለች አንዲት ሴት። «ቤቱን አታየውም?»

«አያለሁ።»

በጋ ላይ ግድቡን ሲቦረቡሩ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ሳቅ አለ። ደግ ሳቅ አልነበረም። «ለሽንኩርት ብንነካው አስገዘታችሁን። እስቲ አሁን ለነፍስ ንኩት!»

«አንተ ቁረጠዋ!» አሉት አያ ተገኘ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«እኔ? ዓመት ሙሉ "ውጉዝ፣ ውጉዝ" ስትሉኝ ከርማችሁ? አልነካም፤ ጨዋ ሁኛለሁ።»

ሞላ ሊመታው ተነሣ፤ ያዙት። የግድግዳው ጭቃ ውሀ ላይ ሲወድቅ ከዚያ ድረስ ይሰማል። አያ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሰይድ አለ አይደል?» አሉ ዝግ ብለው። «እሱን ግዝቱ አይዘውም። የኛን መስቀል አልተሳለመ፣ አሜን አላለ።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሰይድ ዞረ። ያ ዓይን ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራችሁ? ክፋት አልነበረበትም። መውጫ ያገኘ ሰው ዓይን ነበር። የእኔም ዓይን አብሮ እንደዞረ አልክድም።

ሰይድ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ከዶማዎቹ አንዱን አነሣ። ከዚያ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለ። «ያ ጉና ላይ ያለው ዛሬ መጥቶ በዚህ ቀዳዳ ቢገባና ሩዛችሁን ቢወስድ፣ ነገ ምን ትላላችሁ?»

ዶማውን እንደያዘ ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ ልንገራችሁ። ነገ "ሰይድ ቆረጠው" ትላላችሁ። ከነገ ወዲያ ሐሙሲት ላይ "አንድ እስላም ግድብ ቆርጦ የክርስቲያን ሰፈር አጠፋ" ይባላል። ደብረ ታቦር ሲደርስ አሥር እሆናለሁ። ጊዜው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፤ ቤቴ ገበያ መሐል ነው።»

«ሰይድ፣ እኛኮ...» ብለው ጀመሩ አያ ተገኘ።

«አልጨረስኩም። አልቆርጥም አላልኩም። እዚያ ቤት ያሉት እናቴ ናቸው፤ ስንት ጊዜ አብልተውኛል! እቆርጣለሁ። ግን ቁረጥ በሉኝ። ሁላችሁም፣ በአንድ ድምፅ፣ "ሰይድ ቁረጥ፣ እኛ ነን ያዘዝንህ" በሉኝ።»

ማንም አላለውም። ማዘዝም ከመቁረጥ አይተናነስምና። እኛ የምንፈራውን ኃጢአት እሱ እንዲሸከምልን ፈለግን፤ «ያሸከምንህ እኛ ነን» ለማለት ግን አንደበት አጣን።

ያን ጊዜ አንድ ነገር በውስጤ ተሰበረ። ወይም ተሠራ፤ እስከ ዛሬ አለየሁትም። ሕፃኑን አጠገቤ ለቆመች ሴት ሰጠሁና ዶማውን ከሰይድ እጅ ያዝኩ።

«አልሰጥሽም» አለ።

«ስጠኝ። እናቴ ናት። ኃጢአቱን በጎረቤት አንገት አላንጠለጥልም።»

«ያምሮት!» ጮኸ ሞላ። «አንች ነገ ተመላሽ ነሽ! መርገሙ የሚቀረው ለኛ ነው!»

«አያ ሞላ፣ እናታችን እኮ ናት ከወዲያ ያለችው።»

«የኔም እናት ናት! የኔም ልጅ ናት አጠገቧ ያለችው! አላየሁም መሰለሽ?» ድምፁ ተቆረጠ። ወንድሜን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አማተብኩ። የትኛውን ጸሎት እንደጀመርኩ አላስታውስም፤ መጨረሻውን ግን አስታውሳለሁ። ጮክ ብዬ «ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን፤ በዚህ ሕዝብ ላይ አይሁን» አልኩ። ዶማውን አነሣሁ።

አትስቁብኝ፤ የመጀመሪያው ምት ነጠረ። የጨርቅ ሠራተኛ እጅ ነው ያለኝ። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ ዶማውን ይይዝና አልለቅም ይላል። አሥር ጊዜ ብመታ ዶሮ የጫረችውን ያህል ቢሆን ነው። እጄ ተላጠ። አሁን ነው መብረቅ የሚመታኝ እያልኩ እጠብቅ ነበር፤ እውነቴን ነው። መብረቅ ቀርቶ ነፋስም አልነፈሰም።

ወገቤ ሲደክም ቀና ልል አልኩ። ከኋላዬ አንድ የወንድ ድምፅ፣ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ታፍኖ፣ «ወደ ኋላ እንዳትዞሪ» አለኝ።

ቀጥ አልኩ።

«ካየሽ ትናገሪያለሽ። አንች መዋሸት አትችይም። ፊትሽን ወደ አፈሩ አድርጊ።»

ከዚያ የዶማ ድምፅ ሰማሁ፤ የእኔ ያልሆነ። ቀጥሎ ሌላ። በኋላ ሰይድ እንደነገረኝ የቀረው ሕዝብ በሙሉ፣ ሽማግሌውም፣ ሴቱም፣ ሕፃን የያዘችዋም፣ ፊቱን ወደ ጣና አዙሮ ነበር። «ሲቆረጥ አይቶ የደበቀ» ይላላ ግዝቱ! ስለዚህ ማንም አላየም። ወዲያ ዞረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ እየጸለዩልን ቆሙ። ያየው ሰይድ ብቻ ነው፤ ሰይድም እስከ ዛሬ የማንንም ስም አላወጣም።

እኔ ያየሁት እግር ነው። ከግራዬና ከቀኜ፣ ጭቃ የለበሰ እግር። ሌላ ምንም።

ውሀው መጀመሪያ እንደ ክር ወጣ። ቀጥሎ እንደ ክንድ። ከዚያ ግድቡ ራሱን መብላት ጀመረ። አንድ እጅ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ፤ የቆምኩበት አፈር ወዲያው ሄደ። ጎርፉ እያገሳ ወደ ወንዙ ሲወርድ፣ ከዋርካው ሥር እልልታ ተሰማ፤ ፊታቸውን እንዳዞሩ።

ከአሥር ሰዓት በፊት ውሀው ወርዶ ጉልበት ደረሰ። ቃሬዛውን ይዘው ገቡ። እናቴን አወጧት፤ ስንዱ በእግሯ ወጣች፤ ልጇንም እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ አጠባችው። ቃሬዛው ግድቡ ላይ ሳይወጣ የኋላው ግድግዳ ተደረመሰ። ቆጡም አብሮ ወረደ።

«ማን ቆረጠው?» አለች እናቴ።

«እኔ።»

«አንች? ዝንብ ዋጥኩ ብለሽ ቀኑን ሙሉ ያለቀስሽው?»

«እኔው ነኝ እማ።»

«እጅሽን አሳይኝ» አለች። የተላጠውን መዳፌን ሳመችው።

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ለመቁረጥ እንጂ ለመድፈን ግዝት የለም። ዶማ ያልነካው ሰው ሁሉ አሁን አፈር ለመሸከም ተሻማ፤ አያ ተገኘ ከሁሉ ቀድመው ነበር። ሰይድ መኪናው ላይ የነበረውን ጆንያና ሸራ አመጣ። በርና አልጋ ሳይቀር ተጣለበት። የጉና ውሀ ሲደርስ ቀዳዳው ከሞላ ጎደል ተደፍኗል። በታችኛው ጫፍ ያለውን ሩዝ ወስዶታል፤ አንድ በሬም ሞቷል። የሰው ነፍስ አልጠፋም።

እናቴን ወረታ ሐኪም ቤት ካስገባናት በኋላ ወደ ቄስ ይትባረክ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባ፣ ግዝትዎን የጣስኩ እኔ ነኝ።»

ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ብቻሽን?» አሉ።

«ሌላ ሰው አላየሁም አባ።»

«አላየሽም ወይስ አልነበረም?»

«አልዞርኩም።»

ከታሸገው ዓይናቸው ሥር እንባ ወረደ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቤት ዘግቶ የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለጎረቤት ይሰጣል። እኔ ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ይዠ ወረታ ገባሁ።» መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው ፈቱኝ። ቀኖናም ሰጡኝ፤ ፈጽሜዋለሁ። «ግዝቱን ከግድቡ ላይ አነሣለሁ» አሉ። «ሰው ላይ ያረፈውን ግን ሰውየው ሳይመጣ በማን ስም ልፍታው? ንገሪያቸው፣ ይምጡ።»

ይህ ከሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። እኔ ድሬዳዋ ተመልሻለሁ፤ አሁንም የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ፤ አሁንም እጾማለሁ። አንድ ነገር ግን ተለውጧል። ቀድሞ ንጹሕ መሆን ማለት እጅን አለማቆሸሽ ይመስለኝ ነበር። ያን ቀን ዶማ ሳትነካ የቆመች እጅ ንጹሕ እንዳልሆነች አየሁ። አንባቢዎቼ፣ ሕግን ናቁ፣ ግዝትን ጣሱ ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። አንዱ ሥርዓት ሄዶ ሌላው ሳይመጣ በመሐል ቤት ስንቀር፣ ከፍርሃት የተነሣ ያገኘነውን ገመድ ሁሉ ራሳችን ላይ እናስራለን። ስታስሩ መፍቻው ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ። ሸክሙ ሲከብዳችሁም ዓይናችሁን ወደ ጎረቤት አታዙሩ። ሰይድ ዶማውን ይዞ የጠየቀንን ጥያቄ ዛሬም አልመለስነውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ያን ቀን ከኋላዬ ወደነበራችሁት።

አልዞርኩም። ስማችሁን አላውቅም። ግን እግር አይቻለሁ ብያችኋለሁ። በቀኜ ከነበሩት እግሮች አንዷ ትንሽ ጣት አልነበራትም፤ ትደማም ነበር።

እናቴ በምርኩዝ እየሄደች ነው፤ ስልክ ሲሠራ ትደውልልኛለች። ወንድሜ ከዚያ ክረምት ወዲህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ እንደሚያስቀድስ የነገረችኝ እሷ ናት። የልጅ ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እንኳ ከውጭ፣ ከዛፍ ሥር ቆሞ ነው የዋለው። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ሰው እግሩን አሞት ይመስለዋል።

ቄስ ይትባረክ አርጅተዋል። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል፤ ማን እንደገባ አያዩም፤ ድምፅ እንጂ ስም አይጠይቁም። የልጃቸው ቤት አሁንም ወረታ፣ ያው ቤት ነው። እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ ከወንድሜ ጋር ዶማ ያነሣችሁ፣ አፈር ስሆን፣ ብቻውን አትላኩት። እጁን ይዛችሁ አብራችሁ ግቡ። ያን ቀን ፊታችሁን ወደ ጣና ያዞራችሁም፣ መንገዱን ጠርጋችሁ አሳልፏቸው፤ አሁን ብታዩ ኃጢአት የለበትም።

አያ ሞላ፣ ያሰረው እጅ ሳያልፍ ሂድ። የስንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፤ እጅህን ይዞ በሩን የሚገባበት ዕድሜ ደርሷል።